ፋይበር ሊገባልን ነው

ባለፈው ዓመት የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። እቴቴ ነው የምላት። እናታችን ገና በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሜሪላንድ ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የደወለችው በኢንተርኔት ነው። እኔ ደግሞ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ «እዚህች ጋ ኔትወርክ ይሻላል» በተባለች የመኝታ ቤት መስኮት ጥግ፣ አንገቴን ወደ ውጭ አስግጌ ቆሜያለሁ። ከንግግሯ የደረሰኝ ይህ ነው፦

«...ለፋሲካ... መጣ... እንዳታስብ... ሰላም በል...»

ከዚያ ስልኩ ጭጭ አለ።

«እልል በይ!» አልኳት ባለቤቴን። «እቴቴ ለፋሲካ ልትመጣ ነው!»

በኮንዶሚኒየም የእንግዳ ክፍል የሚባል ነገር የለም። እንግዳ ሲመጣ አንድ ነገር መውጣት አለበት። የወጡት መጻሕፍቴ ናቸው። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን በረንዳ ላይ ደረደርናቸው፤ ክፍሉን ነጭ ቀለም ቀባን፤ ከሳሪስ አዲስ ፍራሽ ገዝተን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን አመጣን። ፍራሹ አራት ፎቅ ሲወጣ የብሎኩ ሰው ሁሉ አየ፤ ያየ ሁሉ ጠየቀ፤ የጠየቀ ሁሉ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። መልሰን ደወልን፣ አልገባ አለ። «ትመጣለች ከተባለች ትመጣለች፣ ቀኑን ልጇ ትነግረናለች» ብለን ተቀመጥን። በሆሣዕና ዋዜማ የእህቴ ልጅ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል አድርጋ፣ አጭር መልእክት ላከችልኝ። «አጎቴ፣ እማዬ ዘንድሮ አልመጣም ብላህ የለም እንዴ? የምን ቀለም ነው የምትቀቡት?»

እንግዲህ ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት ቃል ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስንጨቃጨቅ የዋልንበት ጊዜ ነበር። ይህች ግን አምልጣኛለች። «እመጣለሁ» በሉና ከፊቷም ከኋላዋም ቁረጡላት። የሚቀራችሁ «መጣ» ነው። «አልመጣም» በሉና እንዲሁ ከፊትም ከኋላም ቁረጡ። አሁንም «መጣ» ነው። አማርኛ እምቢታውን የሚያስቀምጠው በቃሉ ሁለት ዳርቻ ነው፤ «አል» ከደጅ፣ «ም» ከጓሮ። የተበጣጠሰ መስመር ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ዳርና ዳሩን ነው። በዚህ ላይ ግሳችን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሰውዬው ይሙት ይዳን፣ ይስጥ ይከልክል፣ እስከ መጨረሻው ጠብቀን ነው የምናውቀው። ታዲያ መጨረሻው ላይ «ኔትወርክ የለም» ከሆነ እኛ ከማን ጋር ነው ስናወራ የኖርነው? ስንቱ «አልልክም» ያለው «እልካለሁ» ተብሎ ተሰምቶ ይሆን? ስንቱስ በዚህ ተቀያይሟል?

በኋላ በሰላሙ ሰዓት ሳገኛት «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነው፤ ለመስቀል እመጣለሁ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ፋይበር የማስገባት ሐሳብ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ያመጣችው ደግሞ እኔ ሳልሆን ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወጣት ናት። ከቤቷ ሆና ለውጭ አገር ደንበኞች የሒሳብ መዝገብ ትሠራለች። ስለ ፍራሹ ሰምታ ኖሮ ደረጃ ላይ አግኝታኝ እየሳቀች ጀመረችና ሳቋ መሐል ላይ ቀረ። ሁለት ስብሰባ ተቋርጦባታል። አሠሪዋ በትሕትና ጽፎ «ሦስተኛ ከሆነ ሌላ ሰው ለመፈለግ እንገደዳለን» ብሏታል። «ጋሼ፣ የእርስዎ ፍራሽ ነው፤ የእኔ እንጀራ ነው» አለችኝ።

ገላንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት ቱሉ ዲምቱ ብዙም አይርቀንም። በዚያ በኩል መኪና እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ በዚህ በኩል የአንድ ሕፃን ፎቶ ስልክ ላይ እስኪከፈት ሕፃኑ ጥርስ ያበቅላል። በረንዳውን ቀና ብላችሁ ብታዩ የሳተላይት ዲሽ ጫካ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ዲሽ፣ የራሱን ሽቦ፣ የራሱን ቀዳዳ በግድግዳው ላይ አስቀድዷል። ለሰባ ቤት የሚበቃ ነገር በጋራ ማስገባት ያልሞከረ ብሎክ ነው እንግዲህ ፋይበር ላስገባ የምለው።

ልጅቷ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ያለዎትን ይለኩ» አለች። ፍጥነት የሚለካበትን ስልኬ ላይ ጫነችልኝና የተማሪ ደብተር ገዝቼ መዝገብ ያዝኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት፦ 22 ሜጋቢት። ከቀኑ 6 ሰዓት፦ 7። ከምሽቱ 2 ሰዓት፦ 0.9። ለአሥር ቀን ጻፍኩ፤ ሥርዓቱ አልተለወጠም። ጎህ ሲቀድ እኔና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ብቻ በምንነሳበት ሰዓት ኢንተርኔቱ ይበራል፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ይሞታል። የሞባይል ኢንተርኔት ከአንድ ምሰሶ ላይ ለአካባቢው ሰው ሁሉ የሚታደል ነውና ተቀባዩ በበዛ ቁጥር ድርሻው ያንሳል። እቴቴ የምትደውለው ደግሞ የምሳ ዕረፍቷን ጠብቃ፣ በእነሱ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። 0.9 ላይ ማለት ነው። ጥርት ላለ የምስል ጥሪ ከ2 እስከ 4 ሜጋቢት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ውርደቴን ልናዘዝ። ሜጋቢት የሚባለውንና ሜጋባይት የሚባለውን አንድ አድርጌ ነበር የማየው። 10 ሜጋቢት ፍጥነት ካለኝ 10 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ በአንድ ሰከንድ ይወርዳል ብዬ ስቆጥር ልጅቷ አረመችኝ። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ስለዚህ ያ መጽሐፍ የሚወርደው ቢፈጥን በስምንት ሰከንድ ነው። ሻጩ በጣሳ ሰፍሮ ይነግረናል፣ እኛ በቁና እንሰማዋለን። ዋሸ አይባልም፤ መስፈሪያውን መጠየቅ የገዢ ፋንታ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ፍጥነት ሁለት መሆኑ ነው፤ ወደ እኛ የሚወርደው አንድ፣ ከእኛ ወደ ውጭ የሚላከው ሌላ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው የሚወርደውን ነው። እኔም የሚላከውን በደብተሬ ዳር በትንሽ በትንሹ ነበር የምጽፈው።

ወደ አገልግሎት ሰጪው ሄድን። ስሙ ይቆየን። ባለሙያ መጥቶ አየና «አካባቢው ላይ ያለው ማከፋፈያ ሳጥን ሊሞላ ነው፤ ከብሎካችሁ አሥር ቤት ካስመዘገባችሁ ለእናንተ አዲስ ሳጥን ይተከላል» አለን። አሥር ቤት! ቀላል መሰለኝ። ወረቀት አዘጋጅቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ፣ ቤት ለቤት ዞርኩ። በመምህርነቴ ዘመን የፈተና ወረቀት ስመልስ እንኳ እንዲህ ያለ ፊት አልገጠመኝም።

አንዱ ተከራይ «ጋሼ፣ አከራዬ በነሐሴ ውጣ ቢለኝ ፋይበሩን ነቅዬ ልሂድ?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ሌላው በሩን በግማሽ ከፍቶ «ለዋይፋይ ነው? እርስዎ ያስገቡ እንጂ፣ የይለፍ ቃሉን ከእርስዎ እንወስዳለን» አለኝ፤ እየቀለደ አልነበረም። ባለቤቱ ውጭ አገር የሆነ ቤት የሚጠብቅ ወጣት «ሰውዬው ግድግዳ አይበሳ ብሏል፤ በየሳምንቱ በቪዲዮ ያያል» ሲለኝ፣ «ታዲያ በምን ኢንተርኔት ነው የሚያይህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና ፈረመ።

የምድር ቤቷ እማማ ግን ከበዱኝ። ገመዱ ወደ ላይ የሚወጣው የግድ በእሳቸው መስኮት ዳር ነው። ከመሀል ከተማ በልማት ተነስተው እዚህ የመጡ ሴት ናቸው፤ «ያልፋል» ተብሎ በደጃቸው ካለፈ ነገር ብዙ ደግ አላዩም።

«ጨረር አለው?»

«የለውም እማማ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ በውስጡ ብርሃን ነው የሚሄደው።»

«ብርሃን?»

«አዎ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ሳቅ አፈነኝ እንጂ ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መልሱን ያገኘሁት የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆኑት ጡረተኛ ነው። ሰውየው በቀድሞው የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከአቃቂ ጣቢያ ጀምሮ እስከ ታች ምሰሶ ለምሰሶ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። «የድሮው የመዳብ ስልክ የሚበላው ኤሌክትሪክ በዚያው በሽቦው ከማዕከሉ ነበር የሚመጣው» አሉኝ። «ለዚህ ነው ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ ስልኩ የሚጮኸው። የአንተ መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ቤትህ ያለው ሳጥን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባትሪ ግዛለት።» ባትሪውን ገዛሁ።

እሳቸው ጋ በተቀመጥኩ ቁጥር ወሬው ወደ ኋላ ይሄዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ መንግሥት የስልክን ነገር ሲጀምር የታሰበው መስመር ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ጊዜ ሣጥን ውስጥ ሰው ሳይኖር ድምፅ ሲሰማ «የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ ካህናት እንደነበሩ ሲነገር ኖሯል። እኔ ካህናቱን አልስቅባቸውም። አንድ ሰው የሌለበት ቦታ ድምፁ ሲመጣ ግራ መጋባት ጤነኝነት ነው፤ የማይገርመን እኛ ነን የተበላሸነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በስልክ ሽቦ፣ ጪ... ጪ... እያለ። ያኔ የትምህርት ክፍላችን መምህራን ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ነበር የምንጠቀመው፤ ወረፋ አለው። እቴቴ የመጀመሪያ ፎቶዋን በኢሜይል የላከችልኝ ዕለት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ነበር የሚገለጠው። በመጀመሪያ ፀጉሯ፤ ዝም ብለን ጠበቅን፤ ግንባሯ፤ ከዚያ ያ ወፍራም ቅንድቧ፤ ዓይኗ ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቁ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ «ኧረ ዓይኗን!» ብለው ጮኹ።

የአሁኑ ነገር በመስታወት መሆኑ ከወሬ በላይ ነው። ቻርልስ ካው የሚባል ቻይና የተወለደ ሳይንቲስት በአውሮፓውያን 1966 ዓ.ም. መስታወቱ ከቆሻሻ ከጠራ ብርሃን በውስጡ ረጅም መንገድ ሊሄድ እንደሚችል በስሌት አሳየ፤ ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሰጡት። ብርሃኑ በመስታወት ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ይህ መስመር በጎረቤት አገር አድርጎ ነው ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የሚገናኘው፤ ዋናው በጅቡቲ በኩል ነው። የባቡሩ ጡረተኛ ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። «አየህ፣ አሁንም በእኛ መንገድ ነው የሚሄደው» አሉ። (ይህ ሁሉ መስመሩ ክፍት ሲሆን ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ መስታወት ያለውም መዳብ ያለውም እኩል ሆኖ ሰንብቷል።)

ሰባት ቤት ላይ ቆምኩ። ስምንተኛ አጣሁ። ያኔ ሰብሳቢው ስብሰባ ጠሩ፤ እሑድ ጠዋት፣ በጋራ ማዕድ ቤቱ። ልጅቷ ቆማ አስረዳች። ከማዕከሉ የሚመጣው አንድ ቀጭን መስታወት ብርሃኑ በማከፋፈያው ላይ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይካፈላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 2,500 ሜጋቢት ያህል ነው ተሸክሞ የሚመጣው። አንዱ ብልህ ስልኩን አውጥቶ አካፈለና «ለ64 ሲሆን 39 ነው! ታዲያ 100 ብለው የሚሸጡት ከየት አምጥተው ነው?» ብሎ ተነሳ። ጉርምርምታ ሆነ። እኔ የምለው ጠፋኝ። ሰብሳቢው ግን ተረጋግተው «ልጄ፣ ዕድራችን ለስንት ሰው ነው ድንኳን ያለው?» አሉት። «ለአንድ።» «አባሉስ?» «መቶ ሃያ።» «ታዲያ ዕድርተኛው ሁሉ በአንድ ቀን ይሞታል?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አምስት ሰው ፈረመ። የምድር ቤቷ እማማም «የእኔ መስኮት እንዳይሸፈን እንጂ ይለፍ» አሉ። አሥራ ሁለት ሆንን።

የግንቦቱ ቀጠሮ ሐምሌ ሆነ። አንድ ጊዜ ዕቃ የለም፣ አንድ ጊዜ ባለሙያ የለም፣ አንድ ጊዜ «ሲስተም የለም»። ይህች «ሲስተም የለም» የምትባለው አባባል ወደፊት በተረትና ምሳሌ መጻሕፍት መግባቷ አይቀርም፤ ተከሳሽ የላትም፣ ይግባኝ የላትም፣ ሰውም ተበድሎ አመስግኖ ይወጣል። በመካከሉ መንገድ የሚቆፍር መኪና ዋናውን ገመድ በጠሰውና ሌላ ሳምንት ሄደ። ሌባም ቆርጦት ያውቃል አሉ፤ መዳብ መስሎት ሲልጠው መስታወት ሆኖበት ጥሎት ሄደ። እኛ በዚህ ጊዜ ቤት ስናዘጋጅ ከረምን። በኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ውስጥ አለ የተባለው የሽቦ ቱቦ በሲሚንቶ ተደፍኖ ተገኘና መተላለፊያ በበሩ ጉበን በኩል እንዲሆን ተስማማን። ዋናው ክርክር ግን በቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ሳጥኑ ከቡፌው ጀርባ ተደብቆ፣ ዳንቴል ለብሶ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። ልጅቷ «ማሚ፣ ከፍ ብሎ መሐል ላይ ካልሆነ፣ ብረትና መስታወት ከጋረደው ሞገዱ አይደርስም፤ ዳንቴሉም ያግለዋል» አለቻት። በመጨረሻ ሳጥኑ ከአባቴ ፎቶግራፍ ሥር መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ዳንቴሉ ከሥሩ ተነጠፈለት። ይህ ዕርቅ ሦስት ቀን ነው የፈጀው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ ባባራበት ረፋድ፣ ሁለት ወጣቶች መሰላልና ጥቅል ገመድ ይዘው መጡ። ገመዱን ከሳጥኑ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲጎትቱ ሕፃናቱ ሁሉ ተከተሏቸው። እኔ ልረዳ ብዬ የተረፈውን እንደ ገመድ ሸብ አድርጌ ልጠመጥም ስል አንደኛው እጄን ያዘኝ። «አይጠፉት አባት፤ ብዙ ከታጠፈ ብርሃኑ በጎኑ ይፈሳል።» ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በምላጭ መሳይ ነገር ቆርጦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ የምሳ ሣህን በምታክል መሣሪያ ውስጥ አጋጠማቸው። በትንሿ መስኮት ላይ ሁለቱ ጫፎች ጎልተው ይታያሉ፤ ብልጭ አለ፤ ቀለጠና አንድ ሆነ። መጋጠሚያው የት እንደነበር ፈልጌ አጣሁት። ቀይ መብራቷ ጠፍታ አረንጓዴዋ ቆመች።

የተዋዋልኩት 20 ሜጋቢት ነው። በኬብል ላፕቶፕ ላይ ሰክተን ስንለካ 19.4። በዋይፋይ ሳሎን 18። መኝታ ቤት፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ፣ 6። ልጅቷ ዋይፋዩን ከ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 5 ለውጣ ሳሎኑን አፋጠነችው፤ መኝታ ቤቱ ግን የባሰ ሆነ፤ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የሚለካው እዚሁ አዲስ አበባ ድረስ ነው፤ የሚያወሩት ግን ሜሪላንድ ነው። መለኪያውን እዚያ ያድርጉት።» ለወጥኩት። ዋሽንግተን አካባቢ ባለው መለኪያ 15 ሆነ፤ ደርሶ መልሱም ከ200 ሚሊ ሰከንድ በላይ። ብርሃንም ቢሆን አትላንቲክን ለመሻገር ጊዜ ይወስድበታል። ለማንኛውም ከ0.9 ጋር አይወዳደርም። ልጅቷ በዚያው ዕለት ከሰዓት ከአሠሪዋ ጋር ስብሰባ ነበራት፤ ማታ ስትወጣ ደረጃ ላይ አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ምሽት 2 ሰዓት ሆነ። ሸሚዝ ቀየርኩ። ባለቤቴ «ሠርግ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ እሷም ሻሿን ቀይራለች። ለወራት እቴቴን በምስል ስናይ የምናየው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የመሰለ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ የተበታተነ ቀለም ነበር፤ የትኛው ዓይኗ፣ የትኛው ከኋላዋ ያለ መጋረጃ እንደሆነ በግምት ነበር። ያንን ለምደን ምስሉን መክፈትም ትተነው ነበር። ደወልኩ። አነሳች።

ምስሉ አልተበታተነም። መጋረጃው አረንጓዴ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆ አለ፤ ከብርጭቆው አጠገብ የመድኃኒት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ቁጥራቸው ይቆጠራል። እቴቴ ነጭ ሻሽ ጠበቅ አድርጋ አስራለች። ከሻሹ ሥር ያ ወፍራም ቅንድቧ የለም። ጨርሶ የለም። የግራ እጇ ጀርባ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ጉንጯ የእናታችንን የመጨረሻ ጊዜ ጉንጭ መስሏል።

«ታየኛለህ?» አለችኝ፤ ድምፇ ያው ነው፣ የማውቀው።

ባለቤቴ ከጎኔ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

«ይቆራረጣል እቴቴ» አልኳት። «ድምፅሽ ነው ጥርት ያለው። ምስሉ ገና ነው፤ ያስተካክሉታል።»

ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። ወደ ወንበሩ ተደገፈችና ሻሿን ላላ አደረገችው። ስለ ልጇ አዲስ ሥራ፣ እዚያ ስላለው ሙቀት፣ ጉንፋኑ እየተሻላት ስለመሆኑ ነገረችኝ። ስለ ፍራሹ ጠየቀችኝና ሳቀች። እኔም አዎ፣ አዎ እላለሁ። ስለ ዕድርተኛው ስነግራት ሳል እስኪይዛት ሳቀች፤ ሳሉ ሲያልፍላት ብርጭቆውን አንስታ ጠጣችና ዝም ብላ ወደ ስልኩ አየች።

«እኔ ግን» አለችኝ «አንተን ጥርት አድርጌ ነው የማይህ። ፊትህን ጥረግ።»

የመላኪያው ፍጥነት ያን ምሽት 19.1 ነበር፤ ደብተሬ ዳር ላይ ጽፌዋለሁ።